ቅቤ የጠጣው ድንጋይ

ቢላ ሲዶለዱም ያናድደኛል። ሌላው ሁሉ ይቻላል። መብራት ሲጠፋ ሻማ አለ፤ ውሃ ሲጠፋ ጎረቤት አለ። የዶለዶመ ቢላ ግን ሽንኩርቱን ትቶ የሰው ጣት ይቆርጣል። ባለፈው ሰሞን ባለቤቴ ቢላውን አስጨበጠችኝና፣ የስለት ሠራተኛ ነበርኩ እያልክ ስትኩራራ አልነበር፣ እስቲ ዛሬ ሳልልን አለችኝ። እሺ ብዬ ግቢ ወጣሁ። አንድ ጥቁር ድንጋይ አገኘሁና ቁጢጥ ብዬ ማፋጨት ጀመርኩ። ትንሽ እንደ ሄድኩ ተውኩት። ባለቤቴ ሰነፍ አለችኝ። ስንፍና አይደለም። ድንጋይና ስለት አንድ ላይ ሳይ አንድ ሰው ይመጣብኛል። የእሱን ነገር ካላወራሁት አይለቀኝም፤ ተቀመጡ።

መጀመሪያ ግን ልጠይቃችሁ። ድንጋይ ያልቃል? አያልቅም ትላላችሁ። ወሎ ተወልዶ ድንጋይ ያልቃል የሚል ሰው ጠበል ይወሰዳል። ጦሳ ድንጋይ ነው። ከደሴ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ግራ ቀኙ ድንጋይ ነው። ገበሬው እህል ከሚያጭድበት ቀን ድንጋይ የሚለቅምበት ቀን ይበልጣል። እኛ ግን ድንጋይ አለቀብን። በደርግ ጊዜ ስኳር ያለቀበት፣ ሳሙና ያለቀበት፣ ለከፈን የሚሆን ጨርቅ ያጣ ሰው ሞልቷል። ድንጋይ አልቆብኝ ደጅ ጠናሁ የሚል ግን ከእኔና ከአያ ይማም በቀር አላውቅም።

ድንጋይ ስል ከጦሳ የሚፈነቀለውን አይደለም። ካርቦረንደም የሚሉት አለ። እሱን የሠራው ሰው ነው። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሳለሁ አስተማሪያችን እንዳጫወተን፣ አንድ ፈረንጅ አልማዝ ልሥራ ብሎ ምድጃ ሲያነድ ሰነበተና፣ አልማዙ ቀርቶ ይሄ ወጣለት። እኛ ብንሆን አልማዙ ቀረብን ብለን ለቅሶ እንቀመጥ ነበር። ሰውየው ግን የወጣለትን አንስቶ ብርጭቆ ጫረበት። ጫረለት። ከዚያ ወዲያ ሲሸጠው ኖረ ይባላል።

አሠራሩን ብትሰሙ አይገርማችሁም። አሸዋና ከሰል ነው። የጠራ ነጭ አሸዋ፣ ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ ኮክ፣ ጋዙ መውጫ እንዲያገኝ ደግሞ ሰጋቱራ ጣል ይደረግበታል። ይሄ ሁሉ ረጅም ገንዳ ውስጥ ይሞላና መሃል ለመሃል ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል። ለአንድ አምፖል የሚሆነውን ኤሌክትሪክ አይደለም የምላችሁ፤ ከተማ የሚያበራውን ነው። ቀኑን ውሎ ሌሊቱን ያድራል። ብረት ቢገባበት ውሃ ሆኖ ይፈሳል። ሲበርድ ገንዳው ልብ ላይ ጥቁር፣ ፀሐይ ሲያየው ሰማያዊም ሐምራዊም የሚል ነገር ይገኛል። ይሰባበራል፣ ይፈጫል፣ ይነፋል። ደቃቁ ወረቀት ላይ ተለጥፎ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ሻካራው ከሸክላ ጋር ተለውሶ፣ ክብ ሆኖ፣ እቶን ገብቶ መሳያ ድንጋይ ይሆናል። ብርጭቆ ይልጋል፣ እብነ በረድ ይልጋል፣ እሳት አያቀልጠውም። በጥንካሬ አልማዝ ይበልጠዋል እንጂ ሌላው ብዙም አይጠጋውም። አንድ ጠባይ ግን አለው። አይታጠፍም። ከበዛበት ይሰበራል።

የእኛ ሥራ ቤት ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነበር። ቤት ስላችሁ ቆርቆሮ ነው። በሩ ላይ የዕደ ጥበብ ሠራተኞች የኅብረት ሥራ ማኅበር ተብሎ ተጽፏል። ማኅበር ይባል እንጂ ሰዉ አልቋል። አንዱ ሞተ፣ አንዱ ጅቡቲ ገባ ተባለ፣ አንዱ ፒያሳ ወጥቶ ሻይ ቤት ከፈተ። የቀረነው እኔና አያ ይማም ነን። አያ የምለው በዕድሜ ታላቄ ስለሆነ ነው፤ ዘመድ አይደለንም። እሱ ከኮምቦልቻ በታች የሐርቡ ሰው፣ የሼህ ልጅ። እኔ ደሴ ያደግሁ፣ የቄስ የልጅ ልጅ። ለዐረፋ የሰፈሩን ቢላ እንስላለን። ለፋሲካም የሰፈሩን ቢላ እንስላለን። ያው ያንኑ ቢላ ነው።

የዘወትር እንጀራችን ግን የወፍጮ ቤት ሥራ ነበር። የወፍጮ ሞተር አካሉ ጊዛ ነው። ጊዛ ማለት ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የሚፈስ ብረት ነው። ሲሰነጠቅ ይበየዳል፤ ብየዳው ያበጠው ደግሞ ተልጎ ይስተካከላል። ጊዛን እንደ ካርቦረንደም የሚልገው የለም። ለቢላና ለማጭድ ሌላ ዓይነት ድንጋይ ይሻል ነበር፤ ካርቦረንደም እነሱ ላይ ቶሎ ያልቃል። ከየት ይምጣ? ያለን አንድ ነው፤ ለሁሉም እሱኑ። ሲመጣ ትሪ ያክል የነበረው ድንጋይ እያደር ሳህን አከለ። ከሳህን የጣሳ ክዳን አከለ። አያ ይማም በየሳምንቱ በስንዝሩ እየለካ አላህ ያውቃል ይላል። እኔ ደግሞ ክፍለ ሀገር ቢሮ ሄጄ አዲስ ድንጋይ እጠይቃለሁ። የውጭ ምንዛሪ የለም ይሉኛል። መቼ ይኖራል? ታገሥ ይሉኛል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ያ ነው። በመጨረሻ ድንጋዩ አለቀና እሱን የሚያዞረውን ሞተር ጨርቅ አለበስነው።

ይሄ ሁሉ በሰባ ሰባት ነው። ድርቁን አልነግራችሁም። ያየ ያውቀዋል፤ ላላየ ደግሞ እኔ አይደለሁም የማስረዳው። ሰፈራ የሚባለው የመጣው ያኔ ነው። ሰው ከወሎ እየተነሣ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፤ መተከል፣ ወለጋ፣ ጋምቤላ። ከገጠር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከተማ ውስጥም ሥራ የሌለው ከተገኘ ይሄዳል። በፈቃድ ነው ይባል ነበር። እውነት ነው፣ በፈቃድ ነው። የማን ፈቃድ እንደሆነ ነው የማይነገረው።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር አንድ ቀን መጥቶ ጨርቅ የለበሰውን ሞተር አየ። ከዚያ እኔን አየ፤ ከዚያ አያ ይማምን አየ። ሥራ የሌለው ማኅበር ማኅበር አይደለም፣ የሥራ ፈቶች ስብስብ ነው አለ። የሥራ ፈት ቦታው ደግሞ ይታወቃል አለና ሄደ። እኔ ያኔ ወንደላጤ ነኝ፤ ብሄድም ብዙ የሚያለቅስልኝ የለም። አያ ይማም ግን እናት አለው። እማ ዘይነባ ይባላሉ፤ ሐርቡ ነው ያሉት። ዓይናቸው ደክሟል። ከወለዷቸው የቀረላቸው እሱ ብቻ ነው። ደሴ ይምጡ ቢላቸው፣ ባሌንና ልጆቼን የቀበርኩበትን ትቼ የት አባቴ እሄዳለሁ ይላሉ። እሱ በየሳምንቱ በጭነት መኪና ወርዶ እህል ያደርስላቸዋል፤ ያችኑ ከራሱ አፍ የቀነሳትን። እሱ ሰፈራ ከሄደ የሚያደርስላቸው የለም። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ ሌላ የተደበቀ የለውም። ድንጋይ ካለ ሥራ አለ። ሥራ ካለ አያ ይማም ይቀራል። አያ ይማም ከቀረ እናቱ ይበላሉ።

እዚህ ላይ የእኔ አፍ ይመጣል። ውይይት ክበብ ላይ ሊቀመንበሩ ስለ ድንጋዩ ሲጠይቀኝ፣ ይሄ እኮ ከአሸዋና ከከሰል የሚሠራ ነው፣ ግን እኛ አገር አይሠራም አልኩ። ግን ካልኩ ወዲያ ያለውን አልሰማም። አሸዋና ከሰል ካለ ምን ምንዛሪ አስፈለገን አለ። ተጨበጨበ። በራስ መተማመን የሚል ንግግር ተደረገ። በሳምንቱ ከቦርከና ዳር አሸዋ በጆንያ መጣ። ከሰል መጣ። ሰጋቱራም ከአናጢ ቤት መጣ። ኤሌክትሪኩስ ብዬ ብጠይቅ፣ ወናፍ አለ አይደለም ወይ ተባልኩ።

ምን ልበላችሁ? ቀኑን ሙሉ ወናፍ ረገጥን። የቀበሌው ሰው እየተፈራረቀ ይረግጣል። ሊቀመንበሩ መሃል ቆሞ መፈክር ያሰማል። አያ ይማም ፊቱ በላብ ታጥቦ ወደ እኔ ዘወር ብሎ፣ አቦ አንተ ልጅ፣ ባንተ አፍ የተነሳ ገሃነምን እዚሁ አየኋት አለኝ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም። ማምሻውን ምድጃው ሲገለጥ የተገኘው ትኩስ አሸዋ ነው። ከሰሉም የለም፤ ነዷል። ሊቀመንበሩ አሸዋውን በእንጨት ነካ አደረገና፣ የቀለም ለውጥ ይታየኛል አለ። ለበላይ አካልም ሙከራው ተስፋ ሰጪ መሆኑን አሳወቀ።

የሚገርመው የመጣው መልስ ነው። የበላይ አካል በጣም ደስ ብሎታል። ከምትሠሩት ጋር የምታወዳድሩት ናሙና ይሁናችሁ ብሎ፣ አዲስ ካርቦረንደም ድንጋይ በሳጥን አሽጎ ላከልን። ያን ሁሉ ዘመን በእውነት ለምነን ያጣነው በውሸት ተገኘ። ከናሙናው ጋር ደግሞ ሌላ መልእክት አለ። ሰኞ ጠዋት ከክፍለ ሀገር እንግዶች ይመጣሉ፤ ሥራችሁን ያያሉ። ሊቀመንበሩ ለብቻችን ጠርቶ፣ ድንጋዩ ሰኞ ከዞረ ሠራተኞች ናችሁ፣ ካልዞረ ግን እኔ ምንም ማድረግ አልችልም አለን። ያን ቀን እንኳ ክፉ ሰው አልመሰለኝም። ፈርቶ ነበር።

ሳጥኑን የከፈተው አያ ይማም ነው። ድንጋዩ ጥቁር ነው፣ ገላው ላይ ፍንጥርጣሪ የሚያበራ። በገመድ አንጠለጠለውና በመዶሻው የእንጨት እጀታ መታ አደረገው። ጤነኛ ድንጋይ ሲመታ ይጮኻል፤ ስንጥቅ ያለበት ግን ድምፁ ይደፈናል። የእኛው ጮኸ። ቤቱ ውስጥ ቆይቶ ነው ድምፁ የጠፋው። አያ ይማም አልሐምዱሊላህ አለና ወንበር ላይ ቁጭ አለ። አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል።

እሑድ ጠዋት እማ ዘይነባ ከሐርቡ መጡ። ልጃቸው ድንጋይ መጣ ብሎ ልኮባቸው ኖሯል። በጭነት መኪና ላይ፣ በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ዓይን። እቅፋቸው ውስጥ ትንሽ ቅል ይዘዋል። ቅሏ ውስጥ ቅቤ ነው። ቅቤ ስላችሁ በዚያ ዓመት፣ በወሎ ምድር፣ ተረድታችሁኛል? ላማቸው ከመሞቷ በፊት የተናጠ የመጨረሻው ነው። ለመድኃኒት ብለው ደብቀውት ነበር። እማ፣ ይሄን ለራስዎ ይብሉት እንጂ አልኳቸው። ዝም በል ልጄ አሉኝ። ሙሽራ ቅቤ ትቀባለች፣ አራስ ትቀባለች፣ ጥጃ ሲወለድ ይቀባል፤ ልጄን እንጀራ የሚያበላው እንግዳ ሲመጣ ደረቅ አናቱን ላሳድረው እንዴ አሉ።

ወዳጃ ይደረግ ተባለ። ወዳጃ ለማታውቁ፣ ወሎ ሲጨንቀው ተሰብስቦ የሚለምንበት ነው። ጫት ይቀርባል፣ አንዱ ዱአ ያደርጋል፣ ሌላው አሚን ይላል። እስላሙም ክርስቲያኑም ይገባል፤ ጭንቅ መቼ ሃይማኖት ይለያል። የሰፈሩ ሰው ሥራ ቤታችን ገባ። ሊቀመንበሩም መጣ። የመጣው ኋላ ቀር ልማድ መኖር አለመኖሩን ለመታዘብ ነው፤ እሱ ነው እንዲህ ያለው። በሩ አጠገብ ቆሞ ታዘበ። ቀጥሎ ተቀምጦ ታዘበ። ቀጥሎ ጫት ቆረጠ። እኩለ ቀን ሲሆን ከሁላችን አስበልጦ አሚን የሚለው እሱ ነበር።

ድንጋዩ ምድጃው አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ በጠርዙ ቆሟል። ደሴ ብርድ ነው፤ እንግዳ አይበርደውም? እማ ዘይነባ እየዳበሱ ሄደው ቅቤውን አናቱ ላይ አደረጉለት። በሙቀቱ ቀለጠ። ስንጠብቅ መሬት አልፈሰሰም። ወደ ውስጥ ገባ። ደግመው አደረጉ፤ ገባ። ጠጣው፣ ተቀበለው ተባለ። ሴቶቹ እልል አሉ። አንድ ሽማግሌ፣ ዱአ ሲሰምር እንዲህ ነው አሉ። ቅሏ ግርጌ የቀረችውን እማ ዘይነባ በጣታቸው ጠርገው ሊቀመንበሩን ቀረብ በል ልጄ አሉትና የእሱንም አናት ቀቡት። እምቢ አላለም፤ እንዲያውም ቆቡን አነሳላቸው። ድንጋዩ እንደ ቆመ እዚያው አደረ። እኔም ቤቴ ገብቼ ብዙ ዘመን አጥቼው የነበረውን እንቅልፍ ተኛሁ።

ሰኞ እንግዶቹ መጡ። ግድግዳው ላይ ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን የሚል መፈክር ተሰቅሏል። ድንጋዩን ሞተሩ ላይ አሰርነው። የብረት ሽፋኑንም ገጠምንለት፤ እሱ ባይኖር ዛሬ ይሄን አላወራችሁም ነበር። አያ ይማም ቢስሚላህ ብሎ ማብሪያውን ነካ። መዞር ጀመረ። መጀመሪያ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ወለሉ። አጥፋው ልል አፌን ስከፍት ቤቱ ጮኸ። ድንጋዩ ፈነዳ፤ ከዚያ አቧራ ነው። ሰው አልሞተም። ሞተሩ ሰውነቱ ተጣሟል። አንድ ስባሪ በሽፋኑ ክፍት በኩል ወጥቶ መፈክሩን ቀዷል። ቁጥጥራችን ከሚለው ላይ ነው የገባው።

ምን ሆኖ ነው? ኋላ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ አንድ መካኒክ አስረዳኝ። ያ ድንጋይ ሲያዩት ድፍን ይመስላል እንጂ ውስጡ ቀዳዳ ብቻ ነው። ፈሳሽ ይጠጣል። ቅቤው ገብቶ ወደ ታች ወርዶ፣ ሌሊት ሲበርድ እዚያው ረግቶ አደረ። ባንድ ወገን ከበደ። በዚያ ፍጥነት ሲዞር የከበደው ወገን ሊወጣ ይጎትታል፤ ድንጋዩ ደግሞ መታጠፍ አያውቅም። ሙሽራም ጥጃም ቅቤ ቢቀቡ ምንም አይሆኑም። ማንም ሰው አዙሯቸው አያውቅማ።

እንግዶቹ ስባሪውን አንስተው ሲያሹት ጣታቸው ወዛ። ይሄ ምንድነው አሉ። ቅባት ነው። ማን ቀባው? የዚያን ጊዜ አሻጥር የምትባል ቃል ነበረች። የምርት መሣሪያ ላይ አሻጥር የሠራ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሊቀመንበሩን አየሁት። ቆቡን እስከ ጆሮው ደፍቷል፤ ከቆቡ ሥር ያችው ቅቤ ግንባሩ ላይ ትወርዳለች። እማ ዘይነባ በር ላይ ተቀምጠዋል። አያ ይማም አያቸው። እኔ ነኝ አለ፤ ማሽን ግሪስ ይወዳል ብዬ ድንጋዩንም ቀባሁት አለ። ዕድሜ ልኩን ድንጋይ ሲያዞር የኖረ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። አመኑት። መሃይም ነው ብለው አመኑት።

የእሱም ቅባት ሳይነሣ ስለቀረ ሊቀመንበሩ ውለታ መላሽ ሆነ። ይሄ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ። ክፉ ቢሆን እጠላው ነበር፤ አርፍ ነበር። ከእንግዶቹ ጋር ሲሟገት ዋለ። አሻጥር አይደለም፣ አለማወቅ ነው አለ። በመጨረሻ እየሮጠ መጣና አያ ይማምን አቀፈው። እስር ቀርቶልሃል፣ ሌላውም ቀርቶልሃል፣ በፈቃድህ ሰፈራ ተመዝግበሃል አለው። እንኳን ደስ አለህ ሊለው ምንም አልቀረው። አያ ይማም ጀዛከላህ ብሎ አመሰገነው። ምን ይበል? ለአንድ ድንጋይ አንድ ሰው ስለበቃ እኔን የጠየቀኝ የለም። እኔ ልሂድለት ብዬ ቢሮው ድረስ ሄጄ ነበር። ይሄ ገበያ አይደለም፣ አይለዋወጥም ተባልኩ።

አውቶቡሶቹ የተነሡት ከኮምቦልቻ ነው። መንገዱ በሐርቡ ያልፋል። እኔ ቀድሜ ወርጄ እማ ዘይነባን መንገድ ዳር አወጣኋቸው፤ ቢቆም አንዴ ይዳብሱት ብዬ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አውቶቡሶቹ መጡ፣ አለፉ፣ አልቆሙም። መስኮቱ ሁሉ ሰው ነው። እሳቸው የቱ ነው፣ የቱ ነው እያሉ እጄን ይጨብጣሉ። ያ ነው፣ እጁን እያውለበለበ ነው አልኳቸው። እውነቱን ልንገራችሁ? እኔም አላየሁትም። እሳቸውም ወደ አቧራው እጃቸውን አንስተው፣ ሂድ ልጄ፣ አላህ ካንተ ጋር ይሁን አሉ። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ እኔ ነበርኩ ሐርቡ የምወርደው። ኮምቦልቻ የቀን ሥራ አግኝቼ ነበር፤ እህል ስትገኝ ይዤ እሄዳለሁ። ሳይገኝም እሄዳለሁ። ኮቴዬን ሲሰሙ መጀመሪያ ይማም ነው? ይላሉ። አይ እኔ ነኝ እላለሁ። አብሽር፣ አንተም ልጄ ነህ ይሉኛል።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ሰፋሪዎች ያሉበት ድረስ እህል ጭኖ የሚመላለስ ሹፌር ኮምቦልቻ ላይ አገኘኝ። አያ ይማም በሕይወት አለ። ወባ አድቅቆታል፣ ግን አለ። መልእክት ልኮብኛል። ምን መሰላችሁ? የሰፈራው ሰው የራሱ ጋራዥ ይኖረዋል ተብሎ፣ ከየትኛው ቢሮ እንደሆነ እንጃ፣ የካርቦረንደም ድንጋይ በሳጥን በሳጥን ተልኮላቸዋል። አዲስ ነው፣ ያልተነካ። ጋራዡ አልተሠራም። መብራት የለም። ሞተርም የለም። እዚያ አገር ደግሞ መሬቱ ጭቃ ነው፤ ድንጋይ የሚባል አይገኝም። ስለዚህ አያ ይማም ሳጥኑን እየከፈተ ለየቤቱ ሦስት ሦስት አከፋፈለ። ጉልቻ አደረጓቸው። ለእናቴ ንገርልኝ ብሏል፤ እሳት አይበግረውም፣ አይሰነጠቅም፣ እንዲህ ያለ ጉልቻ ሐርቡ ቀርቶ ደሴም የለም።

በማግስቱ ሐርቡ ወርጄ ነገርኳቸው። እማ ዘይነባ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ማሻ አላህ አሉ። ቀጥለውም፣ ምን ይጥዱበታል ልጄ? ብለው ጠየቁኝ። እኔም ሹፌሩን ይህንኑ ጠይቄው ነበር። ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚሉ አሉ። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ሰው ይህችን ተረት እያነሳ ራሱን ይነቀንቃል፤ የተረታትም ብልህ ነው ይባላል። እኔ ብልህ ነው አልልም፤ ስለ ጉልቻው አወራ እንጂ እሳቱ ላይ የተጣደውን አላየም። ወጥ የነበረው ሰው ነው።